የወንዙ ትርፍ ለማን ይሁን? ግድብ ለግል ኩባንያ ከመሰጠቱ በፊት አማራጮቹን መመዘኛ

የናይል ውኃ ዩጋንዳ ውስጥ ጂንጃ ከተማ አጠገብ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገጥመው እ.ኤ.አ. በ1954 የተመረቀው የናሉባሌ ግድብ ነው። የቀድሞ ስሙ ኦወን ፎልስ ነበር። ከጎኑ ኪራ አለ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ ቡጃጋሊ፣ ቀጥሎ ኢሲምባ፣ ወደ ሰሜን ርቆ ካሩማ ይገኛሉ። ናሉባሌን ያለፈው ውኃ ነው የቡጃጋሊን ተርባይን የሚያዞረው፤ ቡጃጋሊን ያለፈውም ኢሲምባ ይደርሳል። የሚያመነጩት ኃይል ዋጋ ግን አንድ አይደለም። ኢሲምባ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በ4.16 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ካሩማ በ4.97 ሳንቲም ታሪፍ ሲሸጡ፣ ቡጃጋሊ ብድሩ እንደ አዲስ ተደራድሮ ዋጋው ከወረደ በኋላ እንኳ 8 ሳንቲም አካባቢ ነው። ኢሲምባና ካሩማ የመንግሥት ናቸው። ቡጃጋሊ የግል ኩባንያ ነው።

አንድ ወንዝ፣ ሁለት ዓይነት ባለቤት፣ እጥፍ የሚጠጋ ዋጋ። ዩጋንዳውያን ለዓመታት የተከራከሩት በዚህ ነው፤ ክርክሩም የእነሱ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ገዥ ፓርቲ ከታላላቅ የመንግሥት ድርጅቶች፣ ኤሌክትሪክ ኃይልን ጨምሮ፣ ድርሻ ለግል ባለሀብት እንደሚሸጥ አስታወቀ። በዚያው ዓመት የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ወጣ። እንደ ገናሌ ዳዋ 6 ያሉ የውኃ ኃይል ፕሮጀክቶችም በዚህ መንገድ ለአልሚ ይሰጣሉ ከተባሉት ውስጥ ገቡ። ይህ ጽሑፍ የታሰበው በአካባቢው ያለው ወንዝ ለውይይት ሲቀርብ በስብሰባው ላይ ለሚቀመጥ ሰው፣ ለምክር ቤት አባል፣ ለጋዜጠኛ፣ ነገ ቦንድ ወይም አክሲዮን ግዛ ለሚባል ዜጋ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ የቀረው ሁሉ ይምታታል። የውኃ ኃይል ነዳጅ አይገዛም። ውኃው በነፃ ይመጣል፣ በነፃ ያልፋል። ወጪው ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚወጣው ገና አንዲት አምፖል ሳትበራ፣ ለኮንክሪት፣ ለዋሻና ለተርባይን ነው። ስለዚህ ከግድብ የሚገኘው ኃይል ዋጋ በአብዛኛው ግድቡ የተሠራበት ገንዘብ ዋጋ ነው፤ ማለትም ወለዱ፣ የባለአክሲዮኑ ትርፍና ዕዳው የሚከፈልበት የዓመት ብዛት። የግል ባለሀብት ለሚያወጣው ገንዘብ የሚጠብቀው ትርፍ መንግሥት በረጅም ጊዜ ብድር ከሚከፍለው ወለድ ይበልጣል። የቡጃጋሊና የካሩማ ልዩነት ትልቁ ምንጭ ይኸው ነው፤ ስለ መሐንዲሶች ጉብዝና የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው።

ቡጃጋሊ፦ ገንዘብ የሌለው መንግሥት ሲደራደር

የቡጃጋሊ ታሪክ ረጅም ነው፤ ግን ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው እሱ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። በመጀመሪያ ሥራውን የያዘው ኤኢኤስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። የኃይል ግዥ ስምምነቱ፣ ማለትም ኩባንያው ኃይሉን ለመንግሥት በስንት፣ በምን ሁኔታና ለስንት ዓመት እንደሚሸጥ የሚወስነው ውል፣ ለሕዝብ ዝግ ነበር። ግሪንዎች የተባለ የዩጋንዳ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ፍርድ ቤት ሄደ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ውሉ ይፋ እንዲወጣ ፈረደ። በማግስቱ ዓመት፣ የጉቦ ጥርጣሬ ምርመራ በፕሮጀክቱ ላይ ባንዣበበበት ወቅት፣ ኤኢኤስ ጥሎ ወጣ።

ከዚያ ድርቅ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የቪክቶሪያ ሐይቅ መጠን ሲወርድ የናሉባሌና የኪራ ምርት ተሽመደመደ። ካምፓላ በፈረቃ መብራት ተቸገረች። መንግሥት በናፍጣ የሚሠሩ ጄኔሬተሮች በውድ ዋጋ ተከራየ። በዚህ ጭንቀት መሐል ነው በእ.ኤ.አ. 2007 ሁለተኛው ውል የጸናው፤ አልሚዎቹ በብላክስቶን የሚደገፈው ሳይዝ ግሎባልና የአጋ ካን የልማት ፈንድ ኩባንያ ነበሩ፣ ብድሩን ከሰጡት ውስጥ ደግሞ የዓለም ባንክ ቡድን፣ የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ ይገኙበታል። 250 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ በ2012 ሲመረቅ ወጪው ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ተጠግቶ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ ለመንግሥት ይመለሳል።

የውሉን አሠራር በሦስት ነጥብ ላይ ልብ በሉት። ኩባንያው የሚከፈለው ባመነጨው ኪሎ ዋት ሰዓት ልክ ሳይሆን ጣቢያው ለማመንጨት ዝግጁ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ወንዙ ቢጎድል ጉዳቱ የመንግሥት ነው። ክፍያው ደግሞ በዶላር ይሰላል። ድርቁ፣ የምንዛሪው መውደቅና የፍላጎት ማነስ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ተደፋ፤ ያም ወገን መብራት የሚከፍለው ሕዝብ ነው። ኩባንያው የተሸከመው ዋናው አደጋ የግንባታ አደጋ ነበር፤ ይኸውም በ2012 አበቃ። ከዚያ በኋላ ታሪፉ ስለከበደ መንግሥት ብድሩ በረጅም ጊዜ እንዲከፈል አስደረገ፤ በተጨማሪም ምክር ቤቱ ኩባንያውን ከገቢ ግብር ነፃ አደረገው። ነፃነቱ እንዲራዘም ጥያቄ በቀረበ ቁጥር የምክር ቤት አባላት ተጨቃጭቀዋል። እኔ ክርክሩን ስከታተል የሚቆጨኝ ይህ ነው፦ ሸማቹ በታሪፍ ያቃለለውን በግብር ከፋይነቱ መልሶ ከፈለው። ከአንድ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ የሄደው የራሱ ገንዘብ ነው።

ፏፏቴውም ጠፋ። የቡጃጋሊ ፏፏቴ ለባሶጋ ሕዝብ የመንፈስ ማደሪያ፣ ለጂንጃ ወጣቶች ደግሞ ከጎብኝ የሚገኝ እንጀራ ነበር። በምትኩ ከታች ያለው የካላጋላ ፏፏቴ እንዳይነካ ከአበዳሪዎቹ ጋር ስምምነት ተደረገ፤ ኋላ የመንግሥቱ ኢሲምባ ሲመጣ ያ ስምምነት ራሱ ጥያቄ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ለአካባቢው የሚጠነቀቀው መንግሥት ነው፣ አጥፊው ባለሀብት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ለቡጃጋሊ ፍትሐዊ መሆን ካስፈለገ ግን ሌላውም መነገር አለበት። በ2006 የዩጋንዳ መንግሥት ፊት የነበረው ምርጫ «ርካሽ የመንግሥት ግድብ ወይስ ውድ የግል ግድብ» አልነበረም። ናፍጣ ወይስ ግድብ የሚል ነበር። ናፍጣ ከቡጃጋሊ እጅግ ይበልጥ ውድ ነበር፤ ጣቢያው ሥራ ሲጀምር የመብራት ፈረቃው ቀለለ። ተጨንቆ የተደራደረ መንግሥት ውድ ውል ይፈርማል። ጥፋቱ ከውሉ ይልቅ ከአሥር ዓመት በፊት ባልተሠራው ሥራ ላይ ነው።

መንግሥት ራሱ ሲገነባ

የካሩማ ግንባታ በ2013 ተጀምሮ የተመረቀው በመስከረም 2024 ነው (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። 600 ሜጋ ዋት ነው፤ ገንዘቡ በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በዚሁ ባንክ ብድር የተሠራው 183 ሜጋ ዋቱ ኢሲምባ በ2019 ቢመረቅም፣ በነሐሴ 2022 የተርባይን ክፍሉን ውኃ አጥለቅልቆት ጣቢያው ሙሉ በሙሉ ቆሞ ነበር። የግንባታ ጉድለት እንዳለበት የተነገረው ከዚያም በፊት ነው። 4.16 ሳንቲም የሚለው ታሪፍ ይህን አያሳይም፤ ጣቢያው ሲቆም ብድሩ አይቆምምና። በግል ውል ጣቢያው ዝግጁ ካልሆነ ኩባንያው አይከፈለውም፤ ሌሊት ሳይተኛ ይጠግነዋል። በመንግሥት ግድብ ግን ለመዘግየቱና ለጉድለቱ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ በግልጽ አይታወቅም፤ መጨረሻ ላይ ብሔራዊ ዕዳ ይሆናል።

የእኛው ታላቁ የህዳሴ ግድብ የመንግሥት መንገድ ትልቁ ምሳሌ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጣለ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በአባይ ላይ ለሚሠራ ግድብ ዓለም አቀፍ አበዳሪዎች እጃቸውን ሲሰበስቡ መምህሩ፣ ወታደሩ፣ ሊስትሮው፣ በጅዳና በዋሽንግተን ያለው ወገን ከደመወዙ ቆርጦ ገነባው። ለዘመናት «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ሲባል የኖረ ሕዝብ ነው። ይህን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም፤ ይህን ግድብ ማንም የግል ኩባንያ በዚያ ሁኔታ አይገነባውም ነበር። ከዋጋው በላይ የሆነ ጉዳይ ነበር።

ነፃ ግን አልነበረም። የገንዘቡን ከባድ ድርሻ የተሸከመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። ባንኩ ለግድብ ያበደረው ገንዘብ ለሌላ ሥራ አልዋለም፤ የመንግሥት ድርጅቶች ዕዳ በ2013 ዓ.ም. ለተቋቋመው የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን እስኪተላለፍ ድረስም ከብዶ ነበር። ቦንድ የገዛውም ሰው የሚከፈለው ወለድ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ባለፈባቸው ዓመታት ከንረቱ በእጅጉ ያነሰ ነበር። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወስኗል። የመንግሥት ግድብ ርካሽ ሲመስል ወጪው ሌላ ቦታ መቀመጡን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኖርዌይ፦ ግቡ፣ ነገር ግን ትመልሳላችሁ

ከሁለቱ ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ ከሁሉም ይበልጥ እንድናጠናው የምመኘው ይህን ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ኖርዌይ ድሃ አገር ነበረች። የውጭ ባለሀብቶች ፏፏቴዎቿን ከገበሬ እየገዙ መሰብሰብ ጀመሩ። አገሪቱ ከስዊድን በተለየች ማግስት፣ በ1906 እ.ኤ.አ.፣ ምክር ቤቱ ግዥውን የሚገድብ አስቸኳይ ሕግ አወጣ፤ የጊዜው ሰው «የድንጋጤ ሕግ» አለው። ይህ ሕግ በ1917 ጸንቶ መልኩን ያዘ፦ የግል ኩባንያ ይግባ፣ ይገንባ፣ ያትርፍ፤ ነገር ግን ቢበዛ በ60 ዓመት ግድቡ፣ ዋሻውና ማሽኑ ያለ ካሳ ለመንግሥት ይመለሳል። ባለሀብት አልሸሸም፤ ፋብሪካዎቹም ተሠሩ። ዛሬ ከኖርዌይ የውኃ ኃይል 90 በመቶ ያህሉ የሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የኤፍታ (የአውሮፓ ነፃ ንግድ ማኅበር) ፍርድ ቤት ሕጉ በግልና በመንግሥት ባለቤቶች መካከል ያዳላል ሲል፣ ኖርዌይ መልሳ ያወጣችው ሕግ የትልልቅ ፏፏቴዎች ባለቤትነት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው የሕዝብ እንዲሆን የሚያስገድድ ነበር።

የበለጠ የሚገርመው ግብሩ ነው። ኖርዌያውያን የኩባንያውን ትርፍ ለሁለት ይከፍሉታል። አንዱ ኩባንያው በገንዘቡና በሙያው ያገኘው ነው፤ እሱ እንደማንኛውም ንግድ 22 በመቶ ይገበራል። ሌላው ወንዙ ራሱ ያመጣው ነው፤ ዝናቡ፣ ተራራው፣ የውኃው መውደቂያ ከፍታ። ማንም ያልሠራው ስለሆነ በላዩ ላይ 45 በመቶ ተጨማሪ ግብር ይጣልበታል። የወንዙ ኪራይ ልንለው እንችላለን። ግድቡ ያለበት ወረዳም እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ኃይል በዝቅተኛ ዋጋ ይወስዳል። ስዊዘርላንድም ለካንቶኖች (ለክልሎቿ)ና ለመንደሮች በየዓመቱ በእያንዳንዱ ኪሎ ዋት እስከ 110 ፍራንክ የውኃ ኪራይ ታስከፍላለች።

ይህ ክፍፍል ለክርክሩ ትልቅ ብርሃን ይሰጣል። «የግል ኩባንያ ከወንዛችን ማትረፉ ነውር ነው» የሚለውና «ባለሀብት ካላተረፈ አይመጣም» የሚለው ወገን ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ የሚነጋገሩት ግን ስለ ተለያየ ትርፍ ነው። ሰው ለደከመበት ይከፈለው። ለዝናቡ ግን ማንም ሊከፈለው አይገባም።

አክሲዮን ወይስ ቦንድ

ኔፓል የተለየ ነገር ሞክራለች። 456 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው የላይኛው ታማኮሺ ጣቢያ 10 በመቶው አክሲዮን ግድቡ ላለበት ለዶላካ ወረዳ ነዋሪ፣ 15 በመቶው ለመላው ሕዝብ ተሸጠ፤ አብላጫው በመንግሥት ድርጅቶች እጅ ቀረ። ገበሬው የግድቡ ባለቤት ሆነ። ሆኖም እ.ኤ.አ. የ2015 የምድር መንቀጥቀጥ ሥራውን አዘገየው፣ ወጪው ከእቅዱ እጅግ አለፈ፣ ባለአክሲዮኑም ትርፉን ዓመታት ጠበቀ። ባለቤትነት ማለት ኪሳራንም መጋራት ነው።

ከህዳሴው ቦንድ ጋር አወዳድሩት። ቦንድ የገዛ ሰው አበዳሪ ነው፤ ዋናውና ወለዱ ሲመለስለት ከግድቡ ጋር ያለው የገንዘብ ግንኙነት ያበቃል። ግድቡ ለመቶ ዓመት ቢያተርፍ ድርሻ የለውም። አክሲዮን የገዛ ደግሞ ዋናው እንዲመለስለት መብት የለውም፤ የትርፉ ተካፋይ ግን እሱም ልጆቹም ናቸው። ብዙ ሰው በቦንድና በአክሲዮን መካከል ያለውን ልዩነት ሳይረዳ ገንዘቡን ሰጥቷል፤ በአገር ፍቅር ስለሆነ አልተጸጸተም። ለሚቀጥለው ግድብ ግን ልዩነቱ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

የትኛውን ለየትኛው ወንዝ

የእኔ ፍርድ እንደሚከተለው ነው።

ተሠርቶ ዕዳው ያለቀ ግድብ መሸጥ የለበትም። ቆቃ ጣሊያን በጦር ካሳ በከፈለችው ገንዘብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ሲያመነጭ ኖሯል። እንዲህ ያለ ጣቢያ የሚፈልገው የጥገናና የሠራተኛ ወጪ ብቻ ነው። የሚገዛው ኩባንያ የገዛበትን ገንዘብ ከነትርፉ ከታሪፍ ማውጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሕዝቡ አንድ ጊዜ የከፈለበትን ግድብ ሁለተኛ ይከፍልበታል። አስተዳደሩ ደካማ ከሆነ አሠራሩን ብቻ በውል መስጠት ይቻላል። ዩጋንዳ ናሉባሌንና ኪራን ለደቡብ አፍሪካው ኤስኮም ኩባንያ ለ20 ዓመት ሰጥታ፣ ውሉ ሲያልቅ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2023 ተረክባለች።

ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ያለው፣ ከታች ያሉ አገሮችን፣ መስኖንና ጎርፍን የሚነካ ግድብ የመንግሥት ይሁን። ውኃ መቼ ይለቀቅ የሚለው ውሳኔ በትርፍ ስሌት ሊያዝ አይገባም። ውዱን መዘግየት የሚከላከለው ግን ባለቤትነት ብቻውን አይደለም፤ የወጪና የጊዜ ሪፖርቱ በየዓመቱ ለምክር ቤት በይፋ ይቅረብ።

መካከለኛና አነስተኛ ወራጅ ወንዝ ላይ፣ መንግሥት ገንዘብ ከሌለው፣ የግል አልሚ ቢገባ አልቃወምም። የመብራት እጦት ራሱ ዋጋ አለው፤ በጭስ ዓይኗ የተጎዳች እናት ዋጋውን ታውቀዋለች። ነገር ግን በኖርዌይ መንገድ ይሁን፦ በቁርጥ ዓመት የሚመለስ፣ የወንዙን ኪራይ የሚከፍል፣ ለአካባቢው ነዋሪ አክሲዮን የሚያቀርብ፣ ውሉ ሁሉም የሚያነበው። ከእነዚህ ድርድር የማልቀበልበት የመጨረሻው ነው። ይህ ቢሆን ኖሮ ዩጋንዳውያን የመጀመሪያውን ውል ይፋ ለማስወጣት ፍርድ ቤት መሄድ ባላስፈለጋቸው ነበር።

ክፍያው በምን ገንዘብ እንደሚሰላ ደግሞ ከታሪፉ እኩል ተመልከቱ። ለምሳሌ 5 የአሜሪካ ሳንቲም የሆነ ታሪፍ አንድ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 2 ብር ከ85 ሳንቲም ነው። ምንዛሪው 114 ሲገባ 5 ብር ከ70 ይሆናል፤ ወንዙም ተርባይኑም ሳይለወጥ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ57 ወደ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ አይተናል። ኩባንያው የውጭ ብድሩን በዶላር መክፈሉ እውነት ነው፤ ስለዚህ የብድሩ ድርሻ በዶላር ቢሰላ ይገባኛል። የሠራተኛ ደመወዝ፣ የጥገናና የአገር ውስጥ ወጪ ግን በብር ነው የሚወጣው፤ በብር ይሰላ።

መውጫውንም አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል። የዩጋንዳ የኃይል ማከፋፈያ የነበረው ኡሜሜ የ20 ዓመት ውሉ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2025 ሲያልቅ መንግሥት 118 ሚሊዮን ዶላር ከፈለው። ኩባንያው የሚገባኝ ከዚህ በላይ ነው ብሎ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደ። ያልተመለሰ ኢንቨስትመንት እንዴት እንደሚሰላ፣ ማን እንደሚመረምረው በመጀመሪያው ቀን ካልተስማሙ በመጨረሻው ቀን መጣላት አይቀርም።

በስብሰባው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ለመጠየቅ ዕድል ካገኛችሁ፣ ስለ ሜጋ ዋትና ስለ ሥራ ዕድል ሌላው ሰው ይጠይቅ። እናንተ ወንዙ በድርቅ የጎደለ ዓመት ለኩባንያው ስንት እንደሚከፈልና ይህ የተጻፈበት የውሉ አንቀጽ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ «ዝርዝሩ ምስጢር ነው» ከሆነ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር አድርጉ።